ብርና ወርቃችሁን ከምን ጋር ነው ያስቀመጣችሁት?

አባቴ አንጥረኛ ነበር። እኔም ያደግሁት ፒያሳ፣ የብር ሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ዛሬም እንጀራዬ ይኸው ነው። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው። የጠቆረ መስቀል፣ አረንጓዴ ያወጣ ጠገራ፣ የተጨፈለቀ ጉትቻ፣ ብየዳው የለቀቀ ሐብል ይዞ ይመጣል። «ኧረ ምንም አልነካሁትም፤ ሳጥን ውስጥ ነበር» ይለኛል። አምነዋለሁ። ቀጥዬ የምጠይቀው ግን «ሳጥኑ ውስጥ ከምን ጋር ነበር?» ብዬ ነው።

ስለ ብርና ወርቅ አቀማመጥ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ሌባን ነው። ሌባ አለ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። በእጄ ካለፈው የተበላሸ ዕቃ አብዛኛውን ያበላሸው ግን ሌባ አይደለም። የተጠቀለለበት ጨርቅ፣ የታሰረበት ላስቲክ፣ የተፈተገበት አመድ፣ የታጠበበት በረኪና ነው። እነዚህ ሁሉ በቤታችን ያሉ፣ ደግ መስለው የሚታዩ ነገሮች ናቸው። የእናቶቻችን ድሪና አልቦ በእነሱ ምክንያት ሲበላ ማየት ስለሚያመኝ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ያላችሁን ለዩ

ነጭ የሆነ ሁሉ ብር አይደለም። ጀርመን ሲልቨር የሚባለው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ብር የሚባል ነገር የለበትም። ገበያ ላይ ካሉት መስቀሎች ብዙዎቹ ከእሱና ከመሰሎቹ የተሠሩ ናቸው። ላዩ ብቻ ብር የተቀባም አለ። ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ብር አይደለም። ካልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብንና ናስንም ማግኔት አይስባቸውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ለሚያውቅ አንጥረኛ ተዉለት። ድንጋይና አሲድ አለው፤ ዕቃውን ሳይጎዳ በደቂቃ ይነግራችኋል።

ጠገራ ብር ካላችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ነው። ብዙ እጅ የዞረ ከሆነ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል 1780 ተጽፏል፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ለዘመናት የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ቀጠለ። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ዕድሜውን አትገምቱ። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የምኒልክ ብርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ 835 ነው። የድሮ አንጥረኞች መስቀሉንም፣ ድሪውንም፣ ወለባውንም የሚሠሩት ጠገራ አቅልጠው ስለነበር የድሮ ዕቃችን ውስጥ መዳብ አለ። ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ብቻ አይደለም። ብሩ ይጠቁራል፤ መዳቡ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል። ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

በዘመናዊ ዕቃ ላይ 925 የሚል ማኅተም ካያችሁ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው ማለት ነው። ወርቅ ላይ 750 ካለ 18 ካራት፣ 875 ካለ 21 ካራት፣ 916 ካለ 22 ካራት ነው። ማኅተም ግን ማንም ሊመታው ይችላል። ውድ ዕቃ ከሆነ አስፈትሹት።

ብር የሚጠቁረው በምን ነው?

ብር እንደ ብረት አይዝግም። የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ሰልፈር የምንለው። አየር ውስጥ በጣም በትንሹ አለ። እሱ ብሩን ሲያገኘው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር ያደርገዋል። እርጥበት ሲጨመርበት ይፈጥናል። ስለዚህ የአቀማመጥ ሥራ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ድኝን ማራቅና እርጥበትን ማራቅ።

ድኝ የት አለ? እንቁላል ውስጥ አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አለ። ስለዚህ ጌጥ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወይም ከወጥ ቤት ጋር በር በሚጋራ ጓዳ ውስጥ አይቀመጥም። የጭስ ቤት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ሱፍ ውስጥም አለ። ይህን ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። አንዲት እናት የእናታቸውን ድሪ ባና ውስጥ ጠቅልለው አምጥተውልኛል። ከሰሜን ሸዋ የመጣ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ባና ነው። «ከዚህ የሚሞቅ የለም ብዬ ነው» አሉኝ። ድሪው ከሰል መስሏል። ባና ከበግ ጠጉር ነው፤ ጠጉር ደግሞ በተፈጥሮው ድኝ አለበት። ለሰው ይሞቃል፤ ለብር ግን መርዝ ነው። የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ በሱፍ የተለበጠ የጌጥ ሳጥን ሁሉ እንደዚያው ነው።

ከሁሉ የከፋው ላስቲክ ነው። ጠገራዎችን ደርድሮ በገንዘብ ላስቲክ ማሰር የተለመደ ነው። ላስቲኩ የነካበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴም ብሩን እስከ ውስጥ ይበላዋል። ያንን መስመር ለማጥፋት ገንዘቡን መፋቅ ያስፈልጋል፤ የተፋቀ ጠገራ ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወድቃል። አሁን ቤታችሁ በላስቲክ የታሰረ ካለ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ሄዳችሁ ፍቱት።

ጋዜጣና ካርቶንም ጥሩ አይደሉም። ርካሽ ወረቀት አሲድና ድኝ አለው፤ እርጥበትም ይስባል። ለስላሳ፣ የሚሸት፣ ሲነኩት የሚጣበቅ ዓይነት ፕላስቲክም አለ። የሳንቲም አልበሞች ብዙ ጊዜ ከእሱ ይሠራሉ፤ ስሙ ፒቪሲ ነው። ሲቆይ አሲድ ይለቅና ገንዘቡ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ያወጣል። ጠገራችሁ እንደዚህ ዓይነት አልበም ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

ሌላው የእኛ አገር ነገር ቅቤ ነው። ሙሽራ ቅቤ ተቀብታ፣ ጌጡንም አድርጋ ትውላለች፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ጌጡ ግን ቅቤውን እንደያዘ ሳጥን ከገባ ቅባቱ ከመዳቡ ጋር ተገናኝቶ በየስንጥቁ አረንጓዴ ሰም ይሠራል። ላብም እንዲሁ ነው። አንገት ላይ የዋለ መስቀል ከነላቡ አይቀመጥም።

ሳይጸዳ አይቀመጥ፤ ሲጸዳም ቀስ ተብሎ

ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ የሕፃን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። በቃ። ቀስ አድርጋችሁ እሹት፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ በጥጥ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይዋል። ውስጡ ባዶ የሆነ ዶቃ ወይም ጉትቻ ከሆነ ግን ውሃ ውስጥ አትንከሩት። በትንሿ ቀዳዳ የገባው ውሃ በቀላሉ አይወጣም፤ ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሎሚና አመድ፣ አሸዋ፣ ኮልጌት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ይቅሩ። አያቶቻችን ይጠቀሙበት ነበር፤ እውነት ነው። ግን ብር ለስላሳ ነው። የምትፍቁት ጥቁሩን ብቻ አይደለም፤ ከብሩም አብሮ ይሄዳል። በድሮ መስቀል ላይ የተቀረጸው ሐረግ በየዓመቱ ሲፈተግ ኖሮ ዛሬ በጣት ካልተዳሰሰ የማይታይባቸው አሉ። ያን ሐረግ በመሮ የቀረጸው ሰው እጅ ተመልሶ አይመጣም። ወርቅ ቅብ የሆነ መስቀል ደግሞ ቅቡ እጅግ ስስ ነው። አንዴ ከተፈተገ ሥሩ ያለው ብር ይወጣል።

በረኪና ጨርሶ አይቅረብ። ለብርም ለወርቅም ጠላት ነው። በበረኪና ልብስ ስታጥቡ ቀለበታችሁን አውልቁ። 18 ካራት ወርቅ ሩቡ ሌላ ብረት ነው፤ ክሎሪኑ እሱን ይዞ ብየዳውን ያላላል፤ አንድ ቀን ጠጠሩ ወልቆ ይወድቃል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አሉሚኒየም ፎይሉ ነው። ይሠራል። ጎድጓዳ ሳህን በፎይል ትለብጣላችሁ፤ የሚያብረቀርቀው ወደ ላይ ይሁን። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ትጨምራላችሁ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሶዳ ነው። ብሩ ፎይሉን መንካት አለበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል፤ ከብሩ ላይ የተላቀቀው ድኝ ነው። ጥሩነቱ ብሩን አይፍቅም፤ ጥቁር የሆነውን መልሶ ብር ያደርገዋል።

ግን ለሁሉም አይሆንም። ለተራ ማንኪያ፣ ለልሙጥ አምባርና ለልሙጥ ቀለበት ጥሩ ነው። አምበር፣ ዛጎል፣ ዕንቁ ወይም ማንኛውም ድንጋይ ላለበት ጌጥ አይሆንም። ለሐረር የአንገት ጌጥ አይሆንም፤ አምበሩን ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ለወርቅ ቅብ አይሆንም። አንጥረኛው ቅርጹ እንዲጎላ ብሎ በስንጥቁ ውስጥ ሆን ብሎ ያጠቆረውን መስቀልም እዚያ ውስጥ አትክተቱ፤ ጥቁሩን ሁሉ ጠርጎ ወስዶ ልሙጥ ያደርግባችኋል። ለጠገራም አይሆንም። ጠገራን ባታጸዱት ይሻላል። በእጅ ስትይዙትም ጠርዝና ጠርዙን ይሁን፤ የጣት ላብ አሻራውን ይተዋል።

ስትጠቀልሉት

ንጹሕ ጥጥ ያስፈልጋችኋል። ከአሮጌ ነጠላ የተሻለ አላገኘሁም። ብዙ ጊዜ ታጥቧል፤ ለስልሷል፤ አቧራ አይለቅም። ጥበቡን ቆርጣችሁ አውጡት፤ ቀለሙና የሚያብለጨልጨው ክር ብሩን ሊነካው ይችላል። በረኪና ያልነካው፣ የልብስ ሽቶ ያልገባበት ይሁን። አጥባችሁ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ይጠቅለል። ጉትቻና አልቦ አንድ ላይ ከተጣሉ ከባዱ ቀላሉን ይጨፈልቀዋል። በተለይ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ጌጥ አንዴ ከተጎበጠ ወደ ቦታው ሲመለስ ይሰበራል። ሐብል ከሆነ መቆለፊያውን ቆልፋችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ ከጨርቁ ጋር ጠቅልሉት፤ አይተበተብም።

የተጠቀለለውን ዚፕ ባለው ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡ፤ ለምግብ የሚሸጠው ዓይነት ጥሩ ነው። አየሩን በእጃችሁ ገፍታችሁ አስወጡና ዝጉት። ቋጠሮ የታሰረ ፌስታል የሱን ቦታ አይተካም። እርጥበትን ከውስጥ ያፍናል እንጂ ከውጭ አይከለክልም። ከረጢቱ ውስጥ አንድ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጨምሩ፤ አዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጣው ትንሹ ነገር ነው። ጌጡን በቀጥታ አይንካው፤ ከጨርቁ ውጭ ይሁን። እሱም ቢሆን ውሃ ጠጥቶ የሚጠግብበት ጊዜ አለ። ሰማያዊ ፍሬ ያለው ዓይነት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ነጩ ምልክት የለውም፤ በየዓመቱ ቀይሩት። ብር የሚያቆይ ልዩ ጨርቅም ይሸጣል፤ ድኙን ብሩ ጋ ሳይደርስ ራሱ ይይዛል። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ ይልቅ እሱን አስመጡ።

ሳጥኑስ? ሽታው የወጣለት የብስኩት ቆርቆሮ ጥሩ ነው። አዲስ የተሠራ የእንጨት ሳጥን፣ በተለይ የቫርኒሽና የማጣበቂያ ሽታ ያለው፣ ገና አሲድ ይለቃል። ሌላ ነገር አስቀምጡበት። የናፍታሊን ክኒን ለልብስ ነው፤ አንዳንዱ ክሎሪን አለበትና ከጌጥ ጋር አይቀመጥ። ቆዳ ቦርሳም ለመያዣ እንጂ ለማቆያ አይሆንም።

ስለ ወርቅ

ወርቅ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ንጹሕ ወርቅ አይጠቁርም። ዝቅ ያለ ካራት ከሆነ ግን ውስጡ ያለው መዳብና ብር ሊደበዝዝ ይችላል። ከብር ለይታችሁ አስቀምጡት፤ እርስ በርስ ይፋጫሉ። ነጭ ወርቅ ላዩ ብዙ ጊዜ ሮዲየም በሚባል ነጭ ብረት የተቀባ ነው፤ ከተፋቀ ቢጫ ይመስላል፤ እንደገና ይቀባል።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገራችሁ። ሜርኩሪ። የድሮው የትኩሳት መለኪያ ቢሰበርና ጠብታው ወርቃችሁን ቢነካ ወርቁ ወዲያው ይነጣል፤ ይሰባበራል። እቤት ላቃጥለው ብላችሁ እሳት ላይ እንዳታስጠጉት። ጭሱ ሰው ይገድላል።

የት ይቀመጥ?

ቁም ሣጥን፣ ፍራሽ ሥር፣ የኮመዲኖ መሳቢያ፣ የተሰቀለ ቦርሳ። ሌባ መጀመሪያ የሚሄደው እነዚህ ጋ ነው። መታጠቢያ ቤት በእርጥበቱ ምክንያት አይሆንም። መሬት መቅበር ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ዘዴ ነው። እርጥበቱ ዕቃውን ይበላዋል፤ የቀበረው ሰው ሲሞት ደግሞ ቦታው አብሮት ይሞታል። ስንት ቤተሰብ ግቢውን ሲቆፍር ኖሯል!

ካዝና ከገዛችሁ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በቡለን ይታሰር። ያልታሰረ ትንሽ ካዝና ለሌባው መያዣ አዘጋጅቶ መስጠት ነው። እሳት የሚቋቋም የሚባለው ካዝና በአብዛኛው የተሠራው ወረቀት እንዳይቃጠል ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር እርጥበት ይለቃል፤ ስለዚህ ውስጡ የሚቀመጥ ብር ከረጢቱና ሲሊካው የግድ ያስፈልገዋል። ብር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ወርቅ 1064። ብየዳው ግን ከሁለቱም ቀድሞ ይቀልጣል። ቤት ሲቃጠል ጌጥ ሆኖ የገባው የብር ቁራጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ባንክ የካዝና ሳጥን የሚያከራይ ከሆነና አቅማችሁ ከፈቀደ በየቀኑ ለማታደርጉት ዕቃ እሱን እመርጣለሁ። ስትከራዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከእናንተ ሌላ ማን መክፈት ይችላል? እናንተ ብትሞቱ ቤተሰብ ምን ይዞ ይመጣል? ዕቃው ቢጠፋ ባንኩ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ አንብቡት። ሁሉንም ግን አንድ ቦታ አታድርጉ። የዘወትሩን ቤት፣ የውርሱን ባንክ።

ወሬውንም ጠብቁ። የሠርግ ፎቶ ላይ ወርቁን ሁሉ አሳይቶ የሰፈሩን ስም ጽፎ መለጠፍ ለማይታወቅ ሰው አድራሻ መስጠት ነው። ጌጡን ስታወጡና ስትመልሱ ሰው አይይ፤ ጥገና ስታመጡም ሁሉንም ባንድ ቀን ይዛችሁ አትምጡ።

ጻፉት

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ግን ይህንን ነው።

ሰዎች ወርቅ ጠፋ ብለው የቤት ሠራተኛ ያባርራሉ። አንዳንዴም ልጅቷን ፖሊስ ጣቢያ ያሳድራሉ። ከወራት በኋላ ሐብሉ ከጋቢ እጥፋት ውስጥ ወይም ከአሮጌ ቦርሳ ኪስ ይወጣል። እኔ ሱቅ ውስጥ ቆመው፣ የተገኘውን ሐብል ለጥገና ሰጥተውኝ፣ ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች አሉ። «ልጅቷስ?» ስላቸው የት እንዳለች አያውቁም። ያች ልጅ ስሟ ጠፍቶ፣ ደመወዟን ሳትይዝ ወጥታለች። የት እንዳስቀመጡ የጻፉ ሰዎች ቢሆኑ ይህ አይሆንም ነበር።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ። ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደመጣ፣ ክብደቱ በግራም፣ ካራቱ ወይም የብሩ መጠን፣ ያለበት ቦታ። ለክብደቱ አሥረኛ ግራም የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። የተሰበረበት፣ የተበየደበት፣ የተጫረበት ምልክት ቀረብ ተደርጎ ይነሳ። ሁለት መስቀል ቢመሳሰል እንኳ ጭረታቸው አይመሳሰልም። ዕቃው ቢሰረቅና ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የሚመሰክረው ያ ጭረት ነው። ለጥገና ስትሰጡም ከመስጠታችሁ በፊት በባለሙያው ፊት አስመዝኑት፤ ስትቀበሉም እንደገና ይመዘን። ሐቀኛ አንጥረኛ በዚህ አይከፋም። አባቴ ደንበኛው ሳይጠይቀው ነበር ሚዛኑን የሚያወጣው።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል 7 ኪሎ ገደማ ወርቅ ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ቤልጂየም ድረስ ሄደ፤ በኋላ ተመለሰ። ያን መስቀል የሚያውቀው ሕዝብ ብዙ ነው። የእናንተን አያት መስቀል የሚያውቀው ግን እናንተና ያ ደብተር ብቻ ናችሁ።

ፎቶው ስልካችሁ ላይ ብቻ አይቅር፤ ስልክም ይሰረቃል። አትማችሁ ወይም ለምታምኑት አንድ ሰው ልካችሁ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ደብተሩ ከዕቃው ጋር አንድ ሳጥን አይግባ። ቦታውን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ይኑር። ለማን እንደሚሰጥ ከወሰናችሁ ኑዛዜው ላይ በስሙና በክብደቱ ይጻፍ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ አይጸናም። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። «ድሪው ለታላቋ ይሁን» ብሎ በቃል መናገር እህትማማች ሲያጣላ ሰምቻለሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ

የድሮ መስቀል ወይም ጠገራ ይዛችሁ ልትወጡ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ከእናቴ የወረስኩት ነው ማለት ብቻውን አያሳልፍም። አዲስ የተሠራ ከሆነም የገዛችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

አሜሪካ ያላችሁ የቤት ኢንሹራንሳችሁን አውጡና አንብቡ። በተለመደው ውል ለተሰረቀ ጌጣጌጥ የሚከፈለው ጣሪያ ብዙ ጊዜ 1,500 ዶላር ነው። ለሳንቲምና ለጥፍጥፍ ወርቅና ብር ደግሞ 200 ዶላር ብቻ የሚልም አለ። ከዚያ በላይ ካላችሁ እያንዳንዱን ዕቃ ለይቶ በዋጋው የሚያስመዘግብ ተጨማሪ ውል አለ፤ ለእሱ ደብተሩና ፎቶው ያስፈልጋሉ። ባንክ ሳጥን ውስጥ ያለን ዕቃ ኤፍዲአይሲ የሚባለው የመንግሥት የባንክ ዋስትና አይሸፍንም፤ እሱ የሚሸፍነው ተቀማጭ ገንዘብን ነው። ከዱባይና ከጅዳ ወርቅ የምትገዙ ደግሞ ካራቱና ግራሙ የተጻፈበትን ደረሰኝ አትጣሉ። ቀለሙ በጊዜ የሚጠፋ ወረቀት ስለሆነ ወዲያው ፎቶ አንሱት። የባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር ጨውና እርጥበት አለው፤ እዚያ ለሚቀመጥ ብር ከረጢቱ በደንብ መዘጋቱን ደጋግማችሁ እዩ።

በዓመት ሁለቴ ክፈቱት

ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ደረቅ ቀን መርጣችሁ። ደብተሩን ይዛችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ ካያችሁ አትደንግጡ፤ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማበስ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። አረንጓዴ ዱቄት ወይም ሰም ካያችሁ ግን ከሌሎቹ ለዩት። በጥፍር ወይም በመርፌ አትጫሩት፤ ወደ ባለሙያ አምጡት። ጠጠር ያለበትን ቀለበት ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ድምፅ ካለው ጠጠሩ ላልቷል። የሐብሉን መቆለፊያ ከፍታችሁ ዝጉ። ጨርቁ ከቆሸሸ ወይም ከጠቆረ ቀይሩት። ሲሊካ ጄሉ ከጠገበ ወይም ዓመት ከሞላው በአዲስ ተኩት፤ የቀየራችሁበትን ወር በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት።